ሞተሩ ተቀየረ፤ ራዲያተሩስ?

በመኪናዬ ላይ ሁለተኛው ሞተር ከተጫነ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። የመጀመሪያው ምን ሆነ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ለረዥም ጊዜ «አርጅቶ ነበር» ስል ቆይቻለሁ። አላረጀም፤ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ የሚብሰው ደግሞ ሁለተኛውንም ገና በሦስተኛው ሳምንት በዚያው በሽታ ልገድለው ጥቂት መቅረቱ ነው። ተቀያሪ ሞተር ገዝቶ ብዙ ዓመት ሊነዳበት የሚያስብ ሰው ስለ ሞተሩ ጥራት አጥብቆ ይጠይቃል፤ እኔም እንደዚያው አድርጌ ነበር። ያልጠየቅኩት ሞተሩ የሚገባባት መኪና እንዴት እንዳለች ነው።

መኪናዋ ኮሮላ ናት፤ ባለ 1.6 ሊትር፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ሞተር ያላት። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ደራንና ኢተያን እያለፈ ከ700 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በዚያን ቀን አምስት ሆነን ለቀብር እንቸኩል ስለነበር በሦስተኛ ማርሽ እያስጮህኳት ነበር የምወጣው። ኢተያን አልፈን ጥቂት እንደሄድን ጉልበት አነሳት። ወዲያው የሙቀት መለኪያውን አየሁ፤ መርፌው ከመሃል ወደ ታች ወርዷል። ቀዝቅዟል ብዬ ተጽናናሁና ነዳጅ ጨመርኩ። ሞተሩን የገደለችው ያቺ መጽናናት ናት። መርፌውን የሚያንቀሳቅሰው ዳሳሽ የሚለካው የነካውን ነገር ሙቀት ብቻ ነው፤ ውኃው አልቆ ዳሳሹ በአየርና በእንፋሎት መካከል ባዶውን ከቀረ፣ ብረቱ እየነደደ መርፌው ሊወርድ ይችላል። እኔ ቀዘቀዘ ያልኩት ሞተር ውኃው ያለቀበት ሞተር ነበር።

ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ሲወጣ ቆምን። አብረውን ከነበሩት አንዱ በቀና ልብ የመጠጥ ውኃውን አምጥቶ ሞተሩ ላይ አፈሰሰው። የዚህ ሞተር ብሎክ ብረት ሲሆን ከላይ የሚታሰርበት ቴስታታ ግን አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ይለጠጣል። ሁለቱ ከልክ በላይ ሲግሉ ቴስታታው ይጎብጣል፣ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ይለቃል፣ ውኃና ዘይትም መንገድ አግኝተው ይገናኛሉ። በድንገት የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ደግሞ ያልተሰነጠቀውን ይሰነጥቃል። በማግስቱ መካኒኩ የዘይት መለኪያውን ስቦ ሲያሳየኝ ያየሁት ዘይት ሳይሆን ማኪያቶ ነበር። ሲሊንደሮቹም ተፍቀዋል። ሂሳቡን አስልተን ሞተሩን ከማሳደስ ያገለገለ መግዛት ይሻላል ተባባልን።

ሞተሩን ከአዲስ አበባ፣ ከመኪና ዕቃ ገበያው ከሶማሌ ተራ አመጣነው። ስለ ግዢው ብዙ አልጽፍም፤ አንድ ነገር ግን መጠቀስ አለበት። የእያንዳንዱን ሲሊንደር ግፊት አስለክቼ ነበር የገዛሁት፤ ለዚህ ሞተር በፋብሪካው መጽሐፍ የተሰጠው ቁጥርና በመለኪያው ላይ ያየነው ግን ስላልተገናኙ ልተወው ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቆይቶ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ፦ የመጽሐፉ ቁጥር ለባሕር ጠለል የተጻፈ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለሆነች የአየሩ ግፊት በ18 በመቶ ገደማ ያነሰ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከዚህም ያነሰ። ሲሊንደሩ የሚያምቀው አየር ገና ሲገባ የሳሳ ከሆነ መለኪያው ዝቅ ማለቱ አያስደንቅም። በእኛ አገር ከቁጥሩ ይልቅ መታየት ያለበት የአራቱ ሲሊንደሮች መቀራረብ ነው። ሦስቱ እኩል ሆነው አንዱ ብቻ ከወደቀ እዚያ ውስጥ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም ቫልቭ (የአየሩ መግቢያና መውጫ በር) የያዘው ምስጢር አለ። የእኔዎቹ አራቱም ተቀራራቢ ነበሩ። ደረሰኙንና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን ቅጂም አብሬ ተቀበልኩ፤ የሞተር ቁጥር በሊብሬው ላይ የሚሰፍር ስለሆነ ያለ እነዚህ ወረቀቶች ለዓመታዊ ቦሎ ሲቀርቡ መንከራተት ይመጣል።

ሞተሩ በሁለት ቀን ውስጥ ተገጠመ። ድምፁ ያምር ነበር። ኮፈኑን ከፍቼ ለጎረቤት ሳይቀር አሳይቻለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት በፍጥነት መንገዱ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ሞጆ አካባቢ መርፌው ከመሃል ከፍ አለ። የኢተያው ትዝታ ነበረብኝና ወዲያው ዳር ይዤ ሞተሩን አጠፋሁ፤ ሙሉ ሰዓት ያህል ጠብቄ ቀስ ብዬ ተመለስኩ። የገጠመው መካኒክ «አዲስ ሞተር ስለሆነ ትንሽ ይሞቃል፣ ይለምዳል» አለኝ። ያገለገለ ሞተር ምን የሚለምደው ነገር እንዳለው ባይገባኝም ለጊዜው ዝም አልኩ። ከዚያ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ራዲያተር፣ ማለትም የሞተሩን ውኃ የሚያቀዘቅዘውን ዕቃ፣ ብቻ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰደኝ። ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍቱ ነበር መጠየቅ የጀመሩት።

«የድሮውን ምን ገደለው?»

«ሙቀት።»

«እሱማ ትኩሳቱ ነው፤ በሽታውን ነው የምጠይቅህ። ምን አሞቀው?»

መልስ አልነበረኝም።

«ሞተሩን ቀየርክ፤ ራዲያተሩንስ?»

ራዲያተሩ የድሮው ነበር። ቱቦዎቹም፣ ክዳኑም፣ ማራገቢያውም የድሮዎቹ ነበሩ። አዲሱን ሞተር የድሮው የሞተበት አልጋ ላይ አስተኝቼው ነበር።

ሽማግሌው ራዲያተሩን አውርደው የላይኛውን ጋን በእሳት አላቀቁት። ውስጡን ሳይ ተደርድረው የሚታዩት ጠፍጣፋ ቱቦዎች ከግማሽ በላይ በቡናማ ጭቃ ተደፍነዋል። ቀጭን ሽቦ አንስተው አንዱን ወጉት፤ ሽቦው ሦስት ጣት ያህል ገብቶ ቆመ። ሲመዙት ጫፉ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ በጣታቸው ጠርገው ወደ እኔ ዘረጉት። «ይሄ ምን ይመስልሃል፣ ቲቸር?» አሉኝ። አስተማሪ መሆኔን ባልደረባዬ ነግሯቸው ኖሯል፤ ምን እንደማስተምር ግን አልነገራቸውም። ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። ጣታቸው ላይ ያለው ዝገት ነበር፤ በየዓመቱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀመሩን የምጽፍለት የብረት ኦክሳይድ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ራዲያተሩን የሞላሁት ከቤት ቧንቧ በቀዳሁት ውኃ ነው። ብረትና አሉሚኒየም በአንድ ላይ በሞቀ፣ አየር በበዛበት ውኃ ውስጥ ቢቀመጡ ምን እንደሚሆኑ ተማሪዎቼን በፈተና ጠይቄያቸው አውቃለሁ። ኩላንት የሚባለውን ባለ ቀለም ፈሳሽ ግን ለበረዶ አገር ብቻ የተሠራ አድርጌ ነበር የማየው፤ አዳማ ውስጥ ውኃ አይረጋም፣ ስለዚህ ምን ያደርጋል ብዬ። ውኃ እንዳይረጋ ማድረጉ ለእኛ ምንም እንደማይጠቅም እርግጥ ነው። የሚጠቅመን በውስጡ ያለው ዝገት ከልካይ ቅመምና የመፍያ ነጥቡን ከፍ ማድረጉ ነው። ያ ቅመም ደግሞ በጊዜ ብዛት ስለሚያልቅ ቀለሙ ቢያምርም በሁለትና በሦስት ዓመት መቀየር አለበት። ሲጎድል የምንጨምረውም ለባትሪ የሚሸጠውን የተጣራ ውኃ ቢሆን ይመረጣል።

ስለ ክዳኑ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ በዋጋ ትንሹ እሱ ነው። ውኃ በአዳማ ከፍታ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አሰላ ሲደረስ ወደ 92 ይወርዳል። ሞተር ደግሞ ሲሠራ ውኃው ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ባለው መካከል ይመላለሳል። ስለዚህ ክዳኑ በትክክል ካልገጠመ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ውኃው ሊፈላ ይችላል። በጎማውና በስፕሪንጉ አማካይነት 0.9 ባር ያህል ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ሲኖር ግን እዚሁ አዳማ ላይ ያው ተራ ውኃ እስከ 115 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። የሃያ ዲግሪ ልዩነት ከአንድ የጎማ ቀለበት ነው የሚመጣው። የእኔው ክዳን ጎማ ደርቆ ተሰንጥቆ ነበር። በየሳምንቱ ግማሽ ሊትር ውኃ የምጨምረው ለዚህ ኖሯል፤ «መኪና ውኃ ይጠጣል» እያልኩ።

ሽማግሌው ቀጥለው የቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውኃው ሲሞቅ የሚከፈተውን በር፣ ቤት ፈቱ። ባዶ ነበር። የድሮው ሞተር ላይ ከዓመታት በፊት «ለቆላ አገር አይሆንም» ተብሎ ወጥቶ ነበር፤ አሁንም አዲሱ ሞተር ሲገጠም አብሮት የመጣው በዚያው ልማድ ወጥቶ ተጥሏል። ይህ ልማድ በብዙ ጋራዥ እንደ ምክር የሚሰጥ ስለሆነ ጉዳቱን መናገር ያስፈልጋል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው፤ ሲከፈት ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ይከፍታል፣ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ራዲያተሩን ሳይነካ ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ ይዘጋል። ሲወጣ አቋራጩ ሁልጊዜ ክፍት ይሆናል። የተወሰነው ውኃ ሳይቀዘቅዝ ሲዞር ይውላል፤ እንዳይሞቅ ተብሎ የወጣው ዕቃ በዳገት ላይ ለሙቀት ምክንያት ይሆናል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ተቃራኒው ይከሰታል። ሞተሩ ቶሎ ስለማይሞቅ ኮምፒውተሩ ቀዝቃዛ ነው ብሎ ቤንዚን ያበዛል፣ ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ አጥቦ ዘይቱ ውስጥ ይወርዳል፣ ዘይቱም ይቀጥናል። ከተማ ውስጥ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ለሚመላለስ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ጉዳት ነው።

አዲስ ቴርሞስታት ገዛሁና ከመገጠሙ በፊት ቤት ወስጄ ሞከርኩት። ባለቤቴ ለሽሮ የምትጠቀምበትን ትንሽ ድስት ሰጠችኝ፤ በግድ መሆኑን መደበቅ አልችልም። ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥዬ ውኃው ውስጥ ከተትኩና ከቤተ ሙከራ የተዋስኩትን ቴርሞሜትር አጠገቡ ያዝኩ። በጀርባው 82 የሚል ተጽፏል። 80 ላይ ምንም የለም። 82 አልፎ 83 ሲሆን ቢጫዋ ክብ ሳህን ፀጉር ታህል ተለየችና ከስሯ ትንሽ አረፋ ወጣ፤ ከዚያ ቀስ እያለች ወረደች። ሙሉ በሙሉ መከፈት ያለበት በ95 ዲግሪ ሲሆን የእኛ ውኃ ግን 94 ላይ ፈልቶ ቆመ። ቁጥሩ እንደዚያ መሆኑን ባላውቅ ኖሮ ተበላሽቷል ብዬ ልመልሰው እችል ነበር። ድስቱ ሦስት ጊዜ በእንዶድ ካልታጠበ ወደ ማዕድ ቤት አይመለስም ተብሎ ውጭ አደረ።

ሞተር ከመኪናው ውጭ ሆኖ ሳለ ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ፤ ከገባ በኋላ ሥራቸው አሥር እጥፍ ስለሚሆን ነው። ይህ ሞተር ታይሚንግ ቤልት (ቫልቮቹን በጊዜያቸው የሚያስከፍት ቀበቶ) ያለው ስለሆነና ያለፈው ባለቤቱ መቼ እንደቀየረው የሚያውቅ ስለሌለ ቤልቱን ከነመወጠሪያው መቀየር ግድ ነበር፤ እዚያው የሚገኘውን የውኃ ፓምፕም እንደዚያው። በብሎኩ ጎን ያሉት ክብ የቆርቆሮ መድፈኛዎች ከዛጉ ሞተሩ ከገባ በኋላ እጅ አይደርስባቸውም። የፊትና የኋላ ኦይል ሲሎች (ዘይት እንዳይፈስ የሚይዙት ጎማዎች)፣ የሞተሩ መቀመጫ ጎማዎች፣ የፍሪሲዮን ሸራም እንዲሁ መታየት አለባቸው። የሚረሳ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ሞተሩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያገናኘው የኔጌቲቭ ገመድ። እሱ ተረስቶ ወይም ላልቶ ከቀረ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የሚስበው ከባድ ኤሌክትሪክ በጋዝ ሽቦ ወይም ባገኘው ብረት በኩል ይመለሳል። እኔ ከእነዚህ ሁሉ አንዱን ለመቆጠብ ብዬ ትቻለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ሲነሳም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወራት ተኝቶ የቆየ ሞተር ዘይቱ ከኩሽኔታዎቹ (የሚሽከረከሩት ብረቶች ከሚያርፉባቸው) ላይ ተንጠፍጥፎ ወርዷል። በጋራዡ የተደረገው ቁልፍ ጠምዝዞ ወዲያው በጋዝ ማስጮህ ነበር፤ ጢሱ ሲወጣ ሁሉም አጨበጨበ። ትክክለኛው አሠራር ቤንዚኑና የካንዴላው እሳት ተቋርጦ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ብቻ ማዞር፣ ከዚያ አስነስቶ ያለ ጩኸት ማሞቅ ነበር።

ዘይቱን በ1,000 ኪሎ ሜትር ቀየርኩት። ያገለገለ ሞተር ከየት እንደመጣ፣ ምን ዓይነት ዘይት ሲጠጣ እንደኖረ አይታወቅም፤ አዲሱ ዘይት የድሮውን ዝቃጭ ማጠብ ስለሚጀምር የመጀመሪያው ፊልትሮ ብዙ ይሸከማል። ያንን ፊልትሮ አልጣልኩትም። በመጋዝ አስቆርጬ፣ የታጠፈውን ወረቀት ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ፣ በማግኔት ዳሰስኩት። ጥቁር ቅንጣት ነበረ፣ እንደ ብር ወረቀት የሚያብረቀርቅ ግን አልነበረም፤ የሚያብረቀርቀው ብዙ ጊዜ የኩሽኔታ ምልክት ነው። ከዚያ ወዲህ በየ5,000 ኪሎ ሜትር እቀይራለሁ። ስለ ዘይት ውፍረት በየጋራዡ የሚሰጠው ምክር «አሮጌ ሞተር ስለሆነ ወፍራሙን አድርግ» ነው። እኔ አልተስማማሁም። ወፍራም ዘይት የሚጢስን ሞተር ጢስ ለጊዜው ይሸፍን ይሆናል፤ ጠዋት ሲነሳ ግን ወደ ላይኛው የቴስታታ ክፍል ለመድረስ ይዘገያል። ሞተሩ ዘይት እስካልበላ ድረስ በመጽሐፉ ካለው ክልል መውጣት ለምን እንደሚያስፈልግ ያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ከውፍረቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በታሸገ ጣሳ የሚሸጠው ዘይት እውነተኛ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሐሰተኛ እንዳይሞላበት ባዶ ጣሳዬን ሳልበሳ ጋራዥ አልተውም።

አዳማን የሚያውቅ ሰው ነፋሷን ያውቃል። የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለባት ከተማ ናት። ነፋሱ ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ያ ደቃቅ አቧራ ከዘይት ጋር ሲቀላቀል ሲሊንደር የሚሞርድ ሸክላ ነው። የአየር ፊልትሮው ይለወጣል፣ ግን ከፊልትሮው ወደ ሞተሩ የሚወስደው ጎማ ቱቦ በእጥፋቶቹ መካከል ተሰንጥቆ ከሆነ ፊልትሮው ቢለወጥ ባይለወጥ ልዩነት የለውም። የእኔው ተሰንጥቆ ነበር፤ እሱም ከድሮው ሞተር የተረፈ ነው። ፊልትሮን በኮምፕሬሰር የሚያስነፋ ሰው ደግሞ ከውስጥ ወደ ውጭ ያስነፋ፤ ከውጭ ሲነፋ አቧራው ወረቀቱን በስቶ ወደ ንጹሑ ወገን ያልፋል።

ሞተሩን ያሳደሰ ሰው ጉዳዩ ከእኔ ይለያል። አዲስ ፋሻ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር እስኪዋደድ ድረስ ጭነቱ ከፍ ዝቅ የሚል አነዳድ ይፈልጋል። በየሰፈሩ የማየው ግን ሁለት ተቃራኒ ስሕተት ነው፤ አንዱ ግቢ ውስጥ አስነስቶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ያስጮኸዋል፣ ሌላው በማግስቱ ይዞት በፍጥነት መንገዱ ይወጣል። የመጀመሪያው ጭነት ስለሌለው ፋሻውን አያስተካክልም፤ ሁለተኛው 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚፈቀድበት፣ በአንድ ፍጥነት ብቻ የሚነዳበት መንገድ ነው። ለዚህ ሥራ በሞጆና በቢሾፍቱ ከተሞች መካከል የሚያልፈው የድሮው መንገድ ይሻላል፤ ባጃጁ፣ አህያው፣ ዳገቱና ቁልቁለቱ ማርሽ ያስለውጣሉ።

አሁን በመኪናው ኪስ ውስጥ አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የጨመርኩት ውኃ፣ የጨመርኩት ዘይት። በየቅዳሜው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ አይቼ እጽፋለሁ። የውኃው አምድ ከራዲያተሩ እድሳት በኋላ ሁለት ገጽ ሙሉ ሰረዝ ነው። የመጀመሪያው ሞተር እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖረው ኖሮ በሳምንት ግማሽ ሊትር፣ በሳምንት ግማሽ ሊትር የሚል ረድፍ ከኢተያ ብዙ ቀደም ብሎ ይታየኝ ነበር።

የተውኩት ነገር የኋላው ኦይል ሲል ነበር። ሞተሩ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳለ መካኒኩ «ቲቸር፣ ይሄንንም አብረን እንቀይረው» ሲለኝ ደረቅ ነው፣ ምን አለበት ብዬ የአንድ ምሳ ዋጋ ቆጠብኩ። ካለፈው ወር ጀምሮ በዘይቱ አምድ ላይ ሰረዙ ቀርቶ ቁጥር መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ መኪናዋ ባደረችበት ሲሚንቶ ላይም ሳንቲም የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ሲሉን ለመቀየር አሁን ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውረድ አለበት። ለሰኞ ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ካምቢዮው ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑን ሸራም አብረው እንዲያዩልኝ ነግሬያቸዋለሁ።